ለውሻ ከኩሽናችን የሚሆን ቅጠል አለ? በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ እርድ… የሞከራችሁ?

የግንፍሌዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ያስቃል፤ ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን መልሱልኝ።

ካሳ የሚባል ውሻ አለን። ካሳንቺስ በ2017 ሲነሳ አክስቴ ገላን ጉራ ደረሳትና «ፎቅ ላይ ይዤው አልወጣም» ብላ ግንፍሌ እኛ ግቢ አመጣችው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ከላይ እስከታች አየውና «እንግዲህ ካሳ የሚሉት ይሄ ነው» አለ። ስሙ በዚያው ጸና። አሁን በድሮ ስሙ ብንጠራው ዞር ብሎም አያይ።

የሰፈር ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የተኛ፣ ዕድሜው ስድስት ገደማ። ክብደቱን ለማወቅ አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁና የራሴን ቀነስኩ፤ 14 ኪሎ ሆነ። (የራሴን አልነግራችሁም።)

ችግሩ ሦስት ነው። አንደኛ አፉ ይሸታል። ሲያዛጋ ቡና የያዘ ሰው ሲኒውን ያስቀምጣል። ሁለተኛ ሆዱ ይነፋል፤ ማታ አባቴ ዜና ሲያይ ከሶፋው ሥር ይለቀዋል፣ አባቴ ደግሞ እኔን ያያል። ሦስተኛ ወገቡ ላይ፣ ከጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ቆዳው እስኪላጥ ያካል።

ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ ይህን ስነግራት ለራሷ ውሻ የምትገዛውን የዱቄት ጠርሙስ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ምግቡ ላይ የሚነሰነስ ነው። ለሰው የሚመጣ ቫይታሚን እንኳን በዚያ ዋጋ አላየሁም። ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ለእማዬ አነበብኩላት፦ ፐርስሊ፣ ሮዝመሪ፣ ዝንጅብል፣ እርድ። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ይሄማ የኔ መደርደሪያ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ሮዝመሪ ያሉት ያው የጥብስ ቅጠላችን ነው፤ በራችን ላይ ቁጥቋጦው አጥር ሆኗል። በሶብላው በቀለም ባልዲ ውስጥ በቅሏል። ጤና አዳሙም ለቡና ብለን ያኖርነው አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሳ ሕክምና ላይ ነው። ጠዋት በሶብላ ተከትፎ እንጀራው ላይ ይደረጋል፣ እሱን ይበላል። ጤና አዳም ሲቀርብለት አሽትቶት ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደ። ቅቤ ሲነጠር ከታች የሚቀረውን ዝቃጭ፣ ኮሰረቱም ኮረሪማውም ያለበትን፣ «ለጸጉሩ» እየተባለ ለጦም መግቢያ ሰጥታው ማግስቱን ሙሉ ቀን አስቀመጠው። አሁን ደግሞ ለቁንጫ ነው ብላ ማታ ማታ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣ በዳቦ ታጎርሰዋለች። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው።

ምግቡ ያው የኛ ነው። ሁዳዴ ስለሆነ እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንዴ በምስር። በፍስኩ ከሥጋ ቤት ሳንባ እናመጣለታለን።

ጎረቤታችን «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ፣ ውሻ ምን አገባው ከቅመም» እያለች ትስቃለች። እኔ ግን በእውነት ነው የምጠይቀው። ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? መጠኑስ ስንት ነው? ደርቆ ነው ወይስ እርጥቡ? በስድቡ የሚመልስ አያስፈልገኝም፣ ስድብ ቤት ውስጥ ከአባቴ አገኛለሁ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እናትሽን አመስግኝልኝ። ቅጠል የሚያውቅ ሰው እየጠፋ ነው።

አራት ኪሎ ስኖር ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ግቢዬ ያለ ውሻ አድሮ አያውቅም። ለቁንጫ ነጭ ሽንኩርት እንሰጥ ነበር፣ እናቴም ትሰጥ ነበር። የሆድ ትል ሲይዘው ደግሞ ኮሶ። ኮሶ ለሰው ከሠራ ለውሻ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሰውየው ጠጥቶ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚወጣው፣ ግን ይነቅለዋል። ጤና አዳሙን በግድ አትስጡት፤ እንስሳ የሚሆነውን ያውቃል።

አንድ ነገር ግን አልወደድኩልሽም። አፉ ይሸታል ትያለሽ፣ አፉን ከፍተሽ አየሁ አላልሽም። እኛ በቅሎ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው ጥርስ ነው። ከንፈሩን ከጎን በኩል ወደ ላይ ግለጪና የኋላ መንጋጋውን እዪው። እንደ ጀበና አፍ ጠቁሮ ቅርፊት የያዘ ከሆነ ቅጠል ብታጎርሺው ሽቶ መቀባት ነው።

ማሙሽ ዘሠራተኛ ሰፈር፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

አምና ፋሲካ እናቴ ለዶሮው ሦስት ኪሎ ሽንኩርት አቁላልታለች። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ድስቱ ቅዳሜ ማታ ደጅ፣ ደረጃው ሥር ነበር የተቀመጠው፣ ድንጋይ ተጭኖበት። ቡቺ (ትንሽ ናት፣ 8 ኪሎ አትሞላም) ድንጋዩን እንዴት እንደገፋችው እስካሁን አይገባኝም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አፍንጫዋ ቀይ ሆኖ ጅራቷን እያወዛወዘች ተቀበለችን። ቁሌቱን በአንድ በኩል እስከታች ልሳዋለች። እናቴ አለቀሰች፣ ለቡቺ አይደለም፣ ለዶሮው።

እሁድ ምንም አልሆነችም። ሰኞም ደህና። ስቀን ረሳነው። ረቡዕ ጠዋት ከቦታዋ አልነሳ አለች። የሸናችው ውሃ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሁለተኛ ቡና ቀለም ሆኖ አየሁት። ድዷን ሳየው ነጭ፣ ወረቀት። ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ፤ ሐኪሙ ገና ከበር እንደገባሁ «ሽንኩርት በልታለች?» ነው ያለኝ። እኔ መርዝ ሰው የጣለ መስሎኝ ጎረቤት ስጠረጥር ነበር የሰነበትኩት። አራት ቀን ጉሉኮስ ተደረገላት፣ ተረፈች፣ ግን እስከ ሰኔ ድረስ ደረጃውን ስትወጣ መሃል ላይ ትቀመጥ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ አምስት ቀን ሰጥተነው ምንም አልሆነም ብለሽ አትዘናጊ። የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ሐኪም ነኝ፦

ቢሾፍቱ የተማርኩ፣ አዲስ አበባ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አንቺ ልበልሽና፣ ነጭ ሽንኩርቱን ከዛሬ ማታ ጀምሮ አቁሙ። ማሙሽ የጻፈው በትክክል የምናየው ነገር ነው።

የሽንኩርት ወገን በሙሉ፣ ቀዩም ነጩም ባሮውም፣ ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሉት። ውሻ ሲበላቸው ቀይ የደም ሴሎቹን ይጎዱና ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ሽንቱ የሚጠቁረው ከፈረሱት ሴሎች በሚወጣው ቀለም ነው። ሴሎቹ ቀስ እያሉ ስለሚፈርሱ ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ይመጣል። ብታበስሉትም አይጠፋም፣ ብታደርቁትም አይጠፋም፤ ዱቄት ሲሆን እንዲያውም በትንሽ ማንኪያ ብዙ ነው የሚገባው። ስለ ቀይ ሽንኩርት የምንጠቀምበት ልክ ይሄ ነው፦ ውሻ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ በአንድ ጊዜ ከበላ መመረዝ ይታያል። ለካሳ 70 ግራም ማለት ነው። አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ከዚያ ይበልጣል። ነጩ ደግሞ ከቀዩ ይበረታል። በቀን አንድ ፍሬ ለአምስት ቀን ለ14 ኪሎ ውሻ ብዙ አይደለም፣ አትደንግጪ፤ ግን ለሳምንት ያህል ድዱን ጠዋት ጠዋት እዪው። ሮዝ መሆን አለበት። በጣትሽ ጫን አድርገሽ ስትለቂው የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ካልተመለሰ ወይም ድዱ ከነጣ እዚህ አትጻፊ፣ ክሊኒክ ሂጂ። ቁንጫውን በተመለከተ ነጭ ሽንኩርት አያባርረውም፤ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አሁን አንቺ ያልጠየቅሽው። የጻፍሽውን ሳነብ ያሳሰበኝ ቅጠሉ አይደለም፣ ሽሮው ነው። ሽሮ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት ምን እንደሚገባበት እናትሽን ጠይቂያት፤ ነጭ ሽንኩርት ሳይኖርበት አይቀርም። በርበሬውም ሲዘጋጅ እንደዚያው። ከዚያ ድስት ላይ ደግሞ ሽንኩርት ይቁላላል። ስለዚህ ካሳ ነጭ ሽንኩርት የጀመረው ከአምስት ቀን በፊት አይደለም፣ እናንተ ግቢ ከገባ ጀምሮ ነው። ሆዱ መነፋቱም ከዚሁ አይርቅም፤ አተርና ሽምብራ በበርበሬ ማታ ማታ ለሚበላ ውሻ ሌላ ምን ይጠበቃል? እንስላል ዘሩን አፍልታችሁ ብትሰጡት ትንሽ ያስተነፍሰዋል፣ ግን መጀመሪያ ሽሮውን አንሱ። ካሳ ክርስትና አልተነሳም፣ ሁዳዴን መጾም የለበትም። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሩዝ ወይም ድንች፣ ጨውና ቅመም ሳይነካው። ሳንባው ጥሩ ነው፣ ግን ጥሬውን በፍጹም አይሁን፤ ሳንባና ጉበት ላይ የሚገኘው ውሃ የቋጠረ እጢ በውሻው በኩል ዞሮ ሰው ጉበት ውስጥ የሚያድግ የትል እጭ ነው። በደንብ ቀቅሉት።

ወደ ቅጠሎቹ። በሶብላ ይሁን፣ ቆንጠር አድርጎ፣ ምንም አይለውም። የጥብስ ቅጠልም እንደዚያው፣ ሁለት ሦስት መርፌ ቅጠሉን አድቅቀሽ። ከውጭ የሚመጣ የውሻ ምግብ ከረጢት ጀርባውን ብታነቢ ስብ እንዳይበላሽበት የሮዝመሪ ጭማቂ የሚገባበት ብዙ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ ከሆነ ግን ይቅርበት። ጦስኝ ካላችሁም ትንሽ ችግር የለውም። ፐርስሊ ለዚህ ክብደት በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ተከትፎ ይበቃል፤ የኩላሊት ወይም የፊኛ ጠጠር ለሚያስቸግረው አይሰጥም። ዝንጅብል መኪና ላይ ለሚያስመልሰው ውሻ ከጉዞ በፊት ጥቂት ይረዳል፤ ካሳ መኪና የማይሄድ ከሆነ ምን ያደርግለታል? እርድ ብቻውን ሆድ ውስጥ ገብቶ ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ጠርሙሶቹ ላይ ቁንዶ በርበሬና ዘይት አብሮ የምታዪው። ነጭ ምንጣፍ ካላችሁ ደግሞ አስቡበት።

ጤና አዳም አይሰጥም። ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳን ፀሐይ ሲመታው እንዲቃጠል ያደርጋል፣ ለእርጉዝ ደግሞ ማህፀን ያነሳሳል። አሽትቶ ወደ ኋላ መሄዱ ካሳን ከሁላችንም ጎበዝ ያደርገዋል። መከለሻ ካላችሁም ራቅ አድርጉት፣ ገውዝ ይገባበታል፣ ገውዝ ለውሻ መርዝ ነው። የቅቤ ዝቃጩ እንደዚያ ሙሉ ቀን ካስቀመጠው ለቆሽቱም አደጋ ነው፤ ብዙ ስብ ባንዴ ቆሽት ያሳብጣል። በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ የቅጠል ዘይት ከሆነ ደግሞ የትኛውም ይሁን አይቅመስ፣ አይቀባም።

ጋሼ፣ ኮሶውን ይተዉልኝ። ሲበዛ በሰውም ላይ ዓይን ያጠፋል። ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለ፣ በኪሎ 5 ሚሊግራም ነው፣ ግድግዳ ሳያስይዝ ይሠራል። ስለ ጥርሱ የጻፉት ግን እኔ ልጽፈው የነበረውን ነው።

የወገቡን ማከክ እንዲህ አረጋግጪ። ነጭ ወረቀት በውሃ አርጥበሽ ከሥሩ አንጥፊ፣ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ወገቡን አበጥሪ። የሚረግፉት ጥቁር ነጥቦች ወረቀቱ ላይ ቀልጠው ቀይ ቡናማ ከሆኑ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ቀለሙ የራሱ የካሳ ደም ነው። ያን ጊዜ የጀርባ ጠብታ መድኃኒት ትወስጃለሽ። ግቢው ውስጥ ድመት ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ለውሻ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ድመት ይገድላል።

ጡረተኛው፦

ዶክተር፣ ተቀብያለሁ። ግን የእናቴ ውሻ 16 ዓመት ኖሯል።

ሐኪም ነኝ፦

ጋሼ፣ የእርስዎ እናት በሬ አርደው ሥጋ ይሰጡት ነበራ! እንደዚያ ከሆነማ እኔንም ይጋብዙኝ።

የግንፍሌዋ፦

ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ የመጣሁት ልነግራችሁ ነው።

እማዬ የዶክተሩን መልስ ጮክ ብዬ ሳነብላት ሽሮው ላይ ስደርስ ዝም አለች። ከዚያ ማሰሮውን ከፍታ አሸተተችው፣ መልሳ ከደነችው። «ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል፣ እኔው ነኝ የላጥኩት» አለች። ያን ቀን ማታ የካሳ እራት ሩዝና እንቁላል ነበር። አባቴ በሳህኑ ውስጥ ያለውን አየና «እኛ ሁዳዴ ላይ ነን፣ እሱ ፋሲካ ገብቶለታል» አለ። ድዱ ሳምንቱን ሙሉ ሮዝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከንፈሩን ስገልጥ አሁን ራሱ ያነሳልኛል።

የወረቀቱን ነገር አባቴ ባላነበበው ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ሞከርኩት፣ ነጭ ወረቀት አጥቼ። ሁለት ጊዜ ሳበጥር እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ረገፈና ወዲያው ቀላ። እማዬ ሳታየው አልቀረችም፣ ማታውን ምንጣፎቹን ሁሉ አወጣቻቸው። ጠብታው ከተደረገለት አሥር ቀን ሆነው፣ ወገቡ ላይ ጸጉር እየመጣ ነው፤ እስካሁን ግን እንደ ሕፃን ልጅ ጸጉር ለስላሳ ነው።

ጋሼ፣ ጥርሱን አየሁት። እንዳሉት ነበር፣ የጀበና አፍ። በግራ በኩል የኋላው አንዱ መንጋጋ በጣቴ ስነካው ይነቃነቃል፣ ካሳም ያን ጊዜ ብቻ ነው ያጉረመረመብኝ። ክሊኒኩ አስተኝቶ ሦስት ነቀለለት፣ የቀረውን ፋቀው። ሐኪሙ የተነቀሉትን በጋዝ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ለምን እንደሰጠኝ አላውቅም፣ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ። ያን ቀን ከሰመመኑ ሳይነቃ እንደ እንጀራ ጨርቅ ተጠቅልሎ በራይድ አመጣሁት። ሾፌሩ «ሕፃን ነው?» አለኝ፤ አዎ አልኩት። አሁን ሲያዛጋ ማንም ሲኒ አያስቀምጥም።

ዶክተር፣ በሶብላው ቀጥሏል። ይወደዋል፣ እማዬም መስጠቱን ትወደዋለች፣ ቆንጠር ብቻ። ጤና አዳሙ ወደ አጥሩ ማዶ ዞሯል።

ስቄ የምነግራችሁ ደግሞ ይሄ ነው። የአጎቴ ልጅ ጠርሙሱን ሳትነግረኝ ገዝታ በመንገደኛ ላከችው። ትናንት ቦሌ ሄጄ ተቀበልኩት። ቤት ስደርስ ጀርባውን ገልብጬ፣ በስልኬ አጉልቼ፣ ደቃቅ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበብኩት። ፐርስሊ አለ፣ ሮዝመሪ አለ፣ እርድ አለ፣ ዝንጅብል አለ። ከታች፣ ከሁሉ መጨረሻ፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት።

ደወልኩላት። «የምሬን ነው፣ ለአንቺ ውሻ መስጠቱን አቁሚ» አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ ጠርሙሷን ስታገላብጥ ድምፁ ይሰማኛል።

እማዬ ዱቄቱን መጸዳጃ ቤት ደፋችው። ጠርሙሱን ግን በሙቅ ውሃና በሎሚ ሁለት ጊዜ አጥባ መስኮቱ ላይ ደፍታዋለች። ክዳኑ በደንብ ይገጥማል፣ ለኮረሪማ ይሆነኛል ብላለች።